ቤታችንን ለሐራጅ ላወጡት ለአበልጄ

ለለምለም መስክ የቁጠባና ብድር ተቋም
ደብረ ብርሃን ቅርንጫፍ
ለሥራ አስኪያጁ ለክቡር አቶ ሰይፈሥላሴ

ግንቦት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ሹመትዎ፣ በቅርቡም የለወጧት መኪናዎ ሁሉም በያሉበት ደኅና እንዲሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ለሳንባዎ እንደማይስማማ ከእኛ ቤት ሰዎች የበለጠ የሚያውቅ የለምና፣ ጠዋት ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ደረትዎን ሸፈን ማድረግ እንዳይረሱ አደራ እላለሁ። እኛማ እግዚአብሔር ይመስገን እስከ ሐራጁ ቀን፣ እስከ ሰኔ ሃያ ድረስ ደኅና ነን። ከሰኔ ሃያ በኋላ ያለውን የሚያውቁት አንድዬና የእርስዎ ሕግ ክፍል ብቻ ናቸው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ በጸሐፊዎ በኩል ማቅረብ ሲገባኝ አደባባይ ላይ በማውጣቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስድስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስድስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ተብያለሁ። ባለፈው እንዲያውም በመስኮት ዓይን ለዓይን ስለተጋጨን፣ ስብሰባዎን አቋርጠው ተነሥተው መጋረጃውን በገዛ እጅዎ ለመዝጋት ተገድደዋል። ስላደከምሁዎ አዝናለሁ።

ሌላው አንባቢ ግራ እንዳይገባው ማን ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። እኔ በዚህ ከተማ ለሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ያስተማርሁ መምህር ነኝ። እናቴ እማሆይ ወለተሐና በወጣትነቷ ከአንኮበር መጥታ ጠባሴ ሰፈር አረቄ እያወጣችና በግ እያረባች፣ አንድ ዋና ቤትና አራት ሰርቪስ ክፍሎች የሠራች ሴት ናት። እያንዳንዷ ክፍል በምን ገንዘብ እንደቆመች ስለምታውቅ ስም አውጥታላቸው ነበር፦ የበጎቹ ክፍል፣ የአረቄዋ ክፍል፣ የዕቁቧ ክፍል፤ አራተኛዋ ደግሞ አባቴ ታመነ ሲሞት እድሩ በሰጠን ገንዘብ ስለተሠራች የታመነ ክፍል ትባል ነበር። እናቴ ከመነኮሰች ወዲህ ዋናውን ቤት ለእኔና ለሚስቴ ለማስተዋል ለቅቃ የበጎቹን ክፍል ይዛለች፤ ሦስቱ ይከራዩ ነበር።

ክቡርነትዎ በ2011 ዓ.ም. ከሰላ ድንጋይ ተዛውረው፣ ያኔ ገና ተራ የብድር ሠራተኛ ሳሉ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ይዘው ሲመጡ የዕቁቧን ክፍል ያከራየንዎ እኛ ነን። ሳንባ ምች ጥሎዎት አሥራ አንድ ቀን ሲተኙ አጥሚት እያጠጣች ያስታመመችዎ እናቴ ናት። በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንዲት ብር ኪራይ አልጨመረችብዎትም፤ ሰው በታመመበት ቤት ኪራይ አይጨመርም ብላ። በ2014 ዓ.ም. ልጄ ቃለ አብ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ታቅፈው ያነሡት እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ በሰውም በእግዚአብሔርም ፊት አበልጄ ነዎት። በእኛ አገር አበልጅ ማለት ከሥጋ ዘመድ በላይ መሆኑን እርስዎም እኔም እያወቅን ነው ያደግነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ። የሒሳብ መምህር ነኝና ካልቆጠርሁ አይሆንልኝም።

1ኛ. ዓይኔን ስለከፈቱልኝ አመሰግናለሁ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ቤታችን ቤት ብቻ ነበር። በ2015 መስከረም፣ ማኅበር በደረሰን ቀን፣ ጠላዎን ይዘው ግቢውን ዞር ዞር ብለው ሲያዩ ቆይተው፣ ይህ ንብረት ተኝቷል፣ ቢቀሰቅሱት ይሻላል ብለው መከሩኝ። ሦስቱ ክፍሎች በወር ሰባት ሺህ አምስት መቶ ብር ያስገቡልን ነበር። ትንሽ ናት፤ ግን የእናቴን መድኃኒትና የቤታችንን አስቤዛ ትችል ነበር፣ የማንም ዕዳ ደግሞ አልነበረባትም። እርስዎ ወረቀት አውጥተው አሰሉልኝ፦ ሦስቱ ይፈርሳሉ፤ በቦታቸው ባለ አንድ ፎቅ፣ አሥራ አንድ ክፍል ይቆማል፤ እያንዳንዱ በሦስት ሺህ አምስት መቶ ሲከራይ በወር ሠላሳ ስምንት ሺህ አምስት መቶ ይገባል፤ ለተቋሙ ሠላሳ አምስት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ይከፈላል፤ የተረፈው ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ለእማሆይ ጧፍ። መደመሩም መቀነሱም ልክ ነበር፤ እኔው አረጋግጫለሁ። ከአሥራ አንዱ አንዲቷ ክፍል ለአንድ ወር ባዶ ብትውል ትርፉ ሁሉ ሄዶ ሰባት መቶ ሃምሳ ብር ከኪሴ እንደምጨምር ግን አላሰላሁም። ይህን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ቢሳሳተው ጆሮውን የምይዝ ሰው ነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለካ እኔን ነው።

2ኛ. ለጥቂት ጊዜ ሀብታም ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። የላኩልን የግምት ባለሙያ ሜትሩን ዘርግቶ፣ ግድግዳውን አንኳኩቶ፣ ግቢያችሁ አራት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ብር ያወጣል ብሎ ሲጽፍ፣ በዚያ ሳምንት አካሄዴ ራሱ ተለውጦ እንደነበር ማስተዋል እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች። አሁን በራችን ላይ ያለው የሐራጅ ማስታወቂያ የዚያኑ ግቢ መነሻ ዋጋ ሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ ይለዋል። ቦታው አልጠበበም፣ መንገዱም አልራቀም። ሲያበድሩን የሰፋው ቤት ሲሸጡት የጠበበበትን ምክንያት ብጠይቅ፣ ግንባታው ስላላለቀ ነው ተባልሁ። የጠፋውን ሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ ብር አልከስስበትም፤ በወረቀት መጥቶ በወረቀት ሄደ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፦ ግምቱ ሲወርድ ዕዳው አብሮት አይወርድም። ቤቱ በግምት ነው የተለካው፤ የተበደርሁት ግን እውነተኛ ብር ነው።

3ኛ. ስለ ብድሩ አለቃቀቅ ብልሃት አድናቆቴን እገልጻለሁ። አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ብሩ በሦስት ዙር እንዲለቀቅ ተወሰነ። ሁለቱ ዙሮች ተለቀቁ፤ ሦስቱ ክፍሎች በኅዳር ፈረሱ፤ መሠረቱ ወጣ። ከዚያ ሲሚንቶው ጨመረ፣ ብረቱ ጨመረ፣ የአናጢውም አፍ ጨመረ፤ ገንዘቡ ምሰሶዎቹ ላይ ሲደርስ አለቀ። ሦስተኛው ዙር የሚለቀቀው የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ሶሌታው፣ ከተሞላ በኋላ ነው፤ ሶሌታው የሚሞላው ደግሞ በሦስተኛው ዙር ገንዘብ ነው። ይህንን ለተማሪዎቼ እንቆቅልሽ አድርጌ ሰጥቻቸው እስካሁን የፈታው የለም። የእፎይታ ጊዜ የተባለው ስድስት ወር ግን ማንንም ሳይጠብቅ አለቀና ወርኃዊው ክፍያ ጀመረ። ስምንት ምሰሶ ብረታቸውን ወደ ሰማይ አንጨፍርረው ሁለት ክረምት አሳልፈዋል። እስካሁን የተከራየቻቸው አንዲት ቁራ ናት፤ እርሷም አትከፍልም።

4ኛ. ስለ ተከራዮቻችን። የአረቄዋን ክፍል አሥራ አንድ ዓመት የኖረችባት ንጋቷ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ክፍሏን ስናፈርስ ዕቃዋን በጋሪ ጭና ስትወጣ፣ በዓመቱ ከነመስኮቱ አዲስ ክፍል ትገቢያለሽ ብዬ ምያለሁ፤ ዛሬ ከበረሳ ወንዝ ማዶ በእጥፍ ተከራይታ ትኖራለች። ፋብሪካው ፈረቃ ቀንሶ ብዙ ባልደረቦቿ ወደየአገራቸው ስለተመለሱ፣ አሥራ አንዱ ክፍል ቢያልቅ እንኳ ማን ይገባበት እንደነበር አሁን ሳስበው ያስቀኛል። የኪራይ ገቢ ማለት በሰው እግር የሚሄድ ገቢ ነው፤ ሰው እግሩን ሲያነሣ አብሮ ይወጣል። ይህቺ ያስወጣናት ሴት ከደመወዜ መክፈል አቅቶኝ ክፍያ ማቋረጤን ሰምታ የዕቁብ ዕጣዬን ላበድርህ ብላ መጣች። አልተቀበልኋትም። እርስዎ ከተቋሙ ካዝና ያደረጉልኝንና እርሷ ከደመወዟ ልታደርግልኝ ያሰበችውን ሳወዳድር መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብያለሁ።

5ኛ. ስለ ውሉ። ውሉ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ነው፤ አላነበብሁትም። እንዴት አንድ መምህር ሳያነብ ይፈርማል የሚለኝ ሰው ይኖራልና መልሴ ይኸውና፦ ያመጣው አበልጄ ነው። አበልጅ ያቀረበልህን ወረቀት ፊቱ ቁጭ ብሎ መመርመር፣ አበልጅ ያጎረሰህን ጉርሻ ከአፍህ አውጥተህ ማየት ነው። እንዲህ ያለ ነውር በእኛ ቤት አልተሠራም። ስለዚህ ወለዱ እንደ ሁኔታው ሊሻሻል ይችላል የሚለውን አንቀጽ ያወቅሁት ከአሥራ ስድስት በመቶ ወደ አሥራ ዘጠኝ ተኩል ሲሻሻል ነው። መሻሻል ማለት መጨመር መሆኑንም ያኔ ተማርሁ። ሦስት ወር ክፍያ ከተቋረጠ ሙሉው ዕዳ ባንድ ጊዜ ይጠየቃል የሚለውንም ያወቅሁት በአራተኛው ወር ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ እኔስ ከገደሉ አፋፍ ከአንኮበር ከመጣች እናት የተወለድሁ ሰው ስሆን ምን ነክቶኝ ነው?

ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ እቀበላለሁ። የእናቴን ግን አልቀበልም። ካርታው በስሟ ስለሆነ ያለ እርሷ ፈቃድ ቤቱ መያዣ አይሆንም ነበር። ስለዚህ ክቡርነትዎ ውሉን ይዘው ክፍሏ ድረስ መጡ። ፊደል አትቆጥርምና ሊያነቡላት ቃል ገቡ፤ እርሷም ቆቧን አስተካክላ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ፣ እንደ ድርሳን ልታዳምጥዎ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡላት፤ ስለ ኑሮ መሻሻል የሚያወሳ ያማረ ገጽ ነው። ከዚያ የመጨረሻውን አነበቡላት። በመካከል አሥራ ሰባት ገጽ አለ። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችዎ፦ ይህ ወረቀት ከዚህች ክፍል ያስወጣኛል ወይ ብላ። እርስዎም፣ እማሆይ፣ እኔ እያለሁ ብለው መለሱላት። አጠገባችሁ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። እውነት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እርሷም መረቀችዎ፤ አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ በአሥራ ዘጠኙም ገጽ ላይ አሳረፈች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ አበው፤ ይህን ምሳሌ የጠቀስሁት ራሴን አህያ ለማለት ያህል ነውና፣ በተረፈው እንስሳ ክቡርነትዎ ቅር እንዳይሰኙብኝ።

6ኛ. ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ምስጋናው አለቀብኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን እንደ አመጣጡ ልንገርዎ።

ማስታወቂያው ግንቦት ሃያ ቀን በራችን ላይ ተለጠፈ። እናቴ ከኪዳን ስትመለስ አየችውና ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ልጅ ፊት ቆሜ የተናገርሁ ሰው ዋሸኋት። መንግሥት ግቢዎችን እየመዘገበ ነው፣ ቤታችን ተመዝግቧል አልኋት። ደስ አላት። አመሻሹ ላይ ካፊያ ሲጀምር ቀለሙ እንዳይለቅቅ ብላ የማዳበሪያ ከረጢት ላስቲክ ቆርጣ፣ በርጩማ ላይ ቆማ፣ በአራቱም ማዕዘን በሚስማር መታችበት። ዝናብ ባባራ ቁጥር እየወጣች ላስቲኩን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች።

ሰፈሩ ሁሉ አንብቦታል። የሚያልፈው ሰው ቆም ብሎ ያነብብና እርሷን ሲያይ አንገቱን ደፍቶ ይሳለማታል፤ እርሷ ሰዉ ዘንድሮ ሥርዓት አወቀ ትላለች። አንድም ሰው አልነገራትም። መንገሩ የእኔ ፈንታ መሆኑን ስለሚያውቁ ዝም ብለው ከእኔ ጋር ይዋሻሉ። ስምንት ቀኔ ነው፤ ሰሌዳ ላይ የጻፍሁትን ረስቼ ተማሪ ያርመኛል። አፍሬያለሁ፣ ጨንቆኛል፣ ፈርቻለሁም። እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ በዚህ ብርድ ወዴት ነው የምወስዳት? አንኮበር የቀረ ቤት የላትም። ቃለ አብን ስስቴ ትለዋለች፤ የእርሱ የክርስትና አባት ከቤቷ እንዳስወጣት በምን አፌ ነው የምነግራት?

ዕዳው ይሰረዝልኝ አላልሁም። ስድስት ጊዜ ይዤው የመጣሁት ማመልከቻ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ዋናውን ቤት እናከራየው፤ እኔና ማስተዋል ልጃችንን ይዘን እናቴ ክፍል እንጠጋ፤ ኪራዩም ደመወዜም በቀጥታ ወደ ተቋሙ ይግባ፤ የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጠንና የክፍያው ዘመን ይራዘምልን። አስልቼዋለሁ፤ አሁንስ ባዶ ክፍሉንም ጭምር አስልቼ ነው። በጥብቅ ይደርሳል፣ ግን ይደርሳል። ማመልከቻው ላይ ለመፈረም አንድ ደቂቃ አይፈጅብዎትም። እባክዎ። ሐራጁን ያቁሙልን።

ይህን የምታነቡ የከተማችን ባለ ቤቶች ሆይ፣ ንብረታችሁ ተኝቷል የሚላችሁ ቢመጣ፣ ይተኛበት በሉት። ገና ያልተወለደ ክፍል ሊከፍለው ለታሰበ ዕዳ ዛሬ የሚያበላችሁን ክፍል አታስይዙ። ካስያዛችሁም ወረቀቱን አንብቡት፤ ያመጣው አበልጃችሁ ከሆነ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

በመጨረሻም ክቡርነትዎ ውድ ጊዜዎን ሰውተው፣ ከመጋረጃው በስተጀርባም ቢሆን፣ ይህን ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ ካነበቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ሹመትዎን ያስረዝምልኝ፤ እንግዳ አገር ሲገቡ የሚያስታምምዎ ሰው አያሳጣዎ።

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣

የአሥራ ዘጠኝ ገጽ ውል አንባቢ (ዘግይቶ)፣
የስምንት ምሰሶዎች ጠባቂ፣
በክርስትና አበልጅዎ፣ በሕግ ተበዳሪዎ፣
መምህር ብርሃነ መስቀል ታመነ
ጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን

ግልባጭ፦
ለክርስትና ልጅዎ ለቃለ አብ፣ ማንበብ ሲጀምር እንዲደርሰው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ስጽፍ ሦስት ቀን ሙሉ ያየችኝ እናቴ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝና፣ መዋሸት አቅቶኝ ዛሬ ጠዋት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም መስመር ሳልዘልል አነበብሁላት። አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስሁት። እስክረጋጋ ጠብቃ ወደ በሩ ወሰደችኝና የሚሸጠው ዝርዝር እንዲነበብላት አዘዘች፤ የቦታውን ስፋት፣ ዋናውን ቤት፣ የበጎቹን ክፍል፣ ስምንቱን ምሰሶ፣ የቆርቆሮ አጥሩን ሳይቀር አነበብሁላት። ሰምታ ስታበቃ፣ ሰኔ ሃያ ቀን ከክፍሏ እንደማትወጣ፣ ተጫራቾቹ ከመጡም እዚያው ቁጭ ብላ እንደሚያገኟት እንድጽፍልዎ ነገረችኝ። ስለዚህ ገዢው ኋላ አልተነገረኝም ብሎ እንዳይከራከር ማስታወቂያው ይታረምልን፤ በበጎቹ ክፍል ውስጥ አንዲት የሰማንያ አንድ ዓመት መነኩሲት አለች፣ ከቤቱም ጋር አብራ ትሸጣለች ተብሎ ይጨመርበት። የግምት ባለሙያው ዋጋዋን ሳይጽፍ ዘልሏታል። እርስዎ ከእርሱ የተሻለ ስለሚያውቁት፣ የዋጋዋን ቦታ ባዶ ትተንልዎታልና፣ በገዛ እጅዎ ይሙሉት።